ክሊራንሱን ኮምፒውተር ላይ ከመጫን በፊት

ስመረቅ የክሊራንስ ወረቀቴን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያረጋግጠውን፣ ለማስፈረም ሁለት ቀን ተኩል ፈጅቶብኛል። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ወጪ መጋራት፣ ዲፓርትመንት፣ በመጨረሻ ሬጅስትራር። የስፖርት ክፍሉ ፈራሚ ምሳ ወጥቷል ተባልኩ፤ የተመለሰው በማግስቱ ነው። ከዚያ ክፍል በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ኳስ እንኳ ተውሼ አላውቅም።

ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ምህንድስና ዲፓርትመንት ጎራ ካላችሁ፣ መደርደሪያው ላይ ስለ ክሊራንስና ስለ ዶርም ምደባ የተሠሩ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች አታጡም። ይሠራል፣ ዲፌንስ ይደረጋል፣ ይጠረዛል፣ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ባችም ያንኑ ርዕስ ያነሳል። ተመራቂው ግን አሁንም ወረቀት ይዞ ይዞራል።

ልጆቹ ኮድ መጻፍ አላቃታቸውም። ያልተሠራው ከኮዱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ዶርም የምትቆጣጠረው ፕሮክተር ከመፈረሟ በፊት ምን ታያለች? ፍራሹን? ቁልፉን? ይህን ለማወቅ አጠገቧ ግማሽ ቀን መቀመጥ ያስፈልጋል። የንድፍ ተመራማሪው ዶናልድ ኖርማን በ1993 እ.ኤ.አ. አፕል ውስጥ ለሥራ መደቡ መጠሪያ ያደረገው «የተጠቃሚ ተሞክሮ»፣ ዛሬ በአጭሩ ዩኤክስ የምንለው፣ ከስክሪን በላይ ነው። ሰውየው ከዕቃው ወይም ከአገልግሎቱ ጋር ሲገናኝ የሚያልፍበት ነገር ሁሉ ነው።

እንደዚያ ካየነው ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ሰባቱን ፊርማ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ሳይሆን፣ ሰባቱ ፊርማ ለምን አስፈለገ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያልተመለሰ መጽሐፍ ያለበትን ያውቃል። ስፖርት ክፍሉም ዕቃ የወሰደውን ያውቃል። ታዲያ ስም ዝርዝሩን ለሬጅስትራር ልከው ዕዳ ያለበት ብቻ ቢጠራስ? ሌላው ለምን ይንከራተታል? በተለይ ዓይነ ስውር ተማሪ ሰባት ቢሮ ለመዞር የሚመራው ጓደኛ መለመን አለበት። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ተመራቂው ትርፍ ቀን የለውም።

ይህን ለመፈተሽ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አምስት ሰው የተሠራውን ሲጠቀም ማየት አብዛኛውን ችግር ያወጣል። የዶርም ልጆች ብቻ አይሁኑ እንጂ! እነሱማ ያው እንደናንተ እንደ ፕሮጀክቱ ሠሪዎች ናቸው። ገና ከገጠር የመጣ ፍሬሽማን ጨምሩበት፣ ስልኩ ኢንተርኔት የማይከፍትም ይኑርበት።

ዲፓርትመንቶች ለዚህ የመስክ ሥራ ማርክ ይስጡ። አሁን ተማሪው ማርክ የሚያገኘው በዲያግራሙ ብዛት ነው፤ ስለዚህ ዲያግራም ይሥላል። ሬጅስትራሮችም ለአንድ ሴሚስተር በራቸውን ይክፈቱላቸው።

ዘንድሮ ርዕስ የምትመርጡ ልጆች፣ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቀን ሬጅስትራር በር ላይ ቁሙ። የሚወጣውን ሁሉ ጠይቁ፦ ማን ላከህ? ለስንተኛ ጊዜ መጣህ? አሁንስ ወዴት ሂድ አሉህ?