ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ አይደለም

ከሰሟቸው ዘፈኖች ሁሉ የሚያምረው ትዝታ መሆኑን ሲጽፉ በምርጫዎ እስማማለሁ፤ ሆኖም «ትዝታ አንድ የቆየ የሐዘን ዘፈን ነው፤ ሌሎቹ ድምፃውያን እሱኑ እየደገሙ ነው» ያሉት፣ ብዙ ሰው የሚቀበለው ቢሆንም፣ መታረም አለበት። በዚህ ስም የሚጠራ፣ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ስንኝ እየጨመረ የሚያንጎራጉረው ዘፈን መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች) አንዱ ሲሆን፣ በዚሁ ቅኝት እጅግ ብዙ ልዩ ልዩ ዘፈኖች ተሠርተውበታል።

የሐዘን ነው የሚለውም ቢሆን ክራር የያዘ ሰው ፊት አይጸናም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ የተቃኘ ክራር ሜጀር ትዝታ ነው፤ ብዙ የጭፈራ ዘፈኖችም በዚህ ይዘፈናሉ። «ሚ» እና «ላ» የሚሰጡት ሁለት ክሮች ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ግን ያ ሆድ የሚያባባው ማይነር ትዝታ ይመጣል (ለጆሮዬ የሚጥመኝ ይኼኛው ነው)። ፍጥነቱም ቢሆን የተወሰነ አይደለም፤ ድምፃዊው ጌታቸው ካሳ «ትዝታ» የተባለውን ዘፈን አንዴ በዝግታ፣ አንዴ ደግሞ በፈጣን ምት አስቀርጾታል።