ሲግኔቲ በሁለት ዓመት አላሸነፈም

ጃንዋሪ 19፣ 2026 ማያሚ ላይ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የኮሌጆችን የአሜሪካ ፉትቦል ዋንጫ ካነሳ ወዲህ አንድ ወሬ ጆሮዬን አደንቁሮታል። «ትዕግሥት ድሮ ቀረ። የኢንዲያናውን አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲን አታየውም? ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ተረክቦ በሁለት ዓመቱ 16 ተጫውቶ 16 አሸነፈ!» ስለዚህ በሁለት ዓመት ዋንጫ ያላመጣ አሰልጣኝ ሁሉ ሻንጣውን ያዘጋጅ። ይህን የሚሉት የቴሌቪዥን ተንታኞች ብቻ ቢሆኑ ዝም እል ነበር። ፎልስ ቸርች ቡና ላይ የሚያገኙኝ ጓደኞቼም ይሉታል። ልጆቻቸው ኮሌጅ ከገቡ ወዲህ ሁሉም ኮች ሆኗል።

እኔ ግን እላለሁ፦ ሲግኔቲ በሁለት ዓመት አላሸነፈም። 15 ዓመት ፈጅቶበታል።

ሰውየው ኢንዲያና ሲደርስ «እኔ አሸንፋለሁ። ጎግል አድርጉኝ» ማለቱን ሁሉም ያስታውሳል። እሺ፣ ጎግል አድርጉት። ግን የመጀመሪያውን መስመር አይታችሁ አትዝጉት፤ ወደ ታች ውረዱ። በ2011 አላባማን፣ ያውም ኒክ ሴባንን የሚያክል አለቃ ትቶ፣ ደሞዙን አስቀንሶ ወደ አንድ ትንሽ የዲቪዥን ሁለት (የዝቅተኛው ምድብ) ኮሌጅ ሄደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከዚያ ኢሎን ዩኒቨርሲቲ። ከዚያ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሃሪሰንበርግ፣ ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ። በ2023 መጨረሻ ኢንዲያና ሲቀጥረው ብቻውን አልመጣም። የዲፌንሱን (የመከላከያውን) አለቃ ብራያንት ሄይንስንና የኦፌንሱን (የማጥቂያውን) አለቃ ማይክ ሻናሃንን ከጄምስ ማዲሰን ይዞ መጣ። ከአሥር በላይ ተጫዋቾችም ተከትለውት መጡ። ኤላይጃ ሳራት፣ ዲአንጀሎ ፖንድስ፣ ኤደን ፊሸር የሃሪሰንበርግ ልጆች ናቸው። ኢንዲያና የቀጠረው አንድ ሰው መሰላችሁ? ቤተሰብ ነው የተረከበው። ያንን ቤተሰብ ኮትኩተው ያሳደጉት ሌሎች ናቸው። ኢንዲያና የደረሰውን ፍሬ ለቀመ። ሙያ አይደለም አልልም፤ ግን ዛፉ በሁለት ዓመት በቀለ አትበሉኝ።

ወደ ራሴ ሰፈር ልምጣ። የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ቴክ ነው የሚማረው። በ2025 ሴፕቴምበር አብረን ጨዋታ ልናይ በሃይዌይ 81 አራት ሰዓት ነድቼ ብላክስበርግ ገባሁ። የተጠበሰው የተርኪ እግር ሽታ ገና ከፓርኪንጉ ይቀበልሃል። ሌን ስታዲየም ከ65 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ልጆቹ ሲወጡ ሲሚንቶው እግርህ ስር ይንቀጠቀጣል። በዚያ ቀን በኦልድ ዶሚኒየን ተሸነፍን። የዓመቱ ሦስተኛ ጨዋታ፣ ሦስተኛ ሽንፈት። በማግስቱ አሰልጣኙን ብሬንት ፕራይን አሰናበቱት። የእህቴ ልጅ በቴክስት «አጎቴ፣ ተገላገልን» ብሎ ሳቅ ላከልኝ።

እኔ ግን የምሳ ዕቃው ትዝ አለኝ።

ለማያውቀው፦ የቨርጂኒያ ቴክ ዲፌንስ አርማው የምሳ ዕቃ ነበር። የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የሚይዘው፣ እዚህም እዚያም የተጨማደደ ቆርቆሮ። በሳምንቱ ልምምድ ከሁሉ በላይ የለፋ ተጫዋች እሱን የመያዝ ክብር ያገኛል። ያንን ያስጀመረው ባድ ፎስተር ከአሰልጣኙ ከፍራንክ ቢመር ጋር ከ1987 እስከ 2015 ሳይለያይ ሠርቷል። አሁን ልብ በሉ። ቢመር በመጀመሪያ ዓመቱ ሁለት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። በሁለተኛው ሦስት አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ። በስድስተኛው፣ በ1992፣ እንደገና ሁለት ብቻ አሸነፈ፤ ስምንት ተሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ሁለት! ዛሬ ቢሆን ዲሴምበርን አያያትም ነበር። አላባረሩትም። ረዳቶቹን በከፊል ቀየረ፣ አሠራሩን አስተካከለ። በ1993 ዘጠኝ አሸነፈና የዓመቱን መዝጊያ ቦውል 45 ለ 20 ወሰደ። ያሸነፈው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኢንዲያናን። ከዚያ ወዲያ 23 ዓመት ሙሉ ቦውል ያልገባበት ጊዜ የለም። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አሰልጣኝ ላይ ደርሰናል።

ነገሩ ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። ጊዜ ያገኘ አሰልጣኝ ራሱን የመቀየር ድፍረት ያገኛል። የአላባማውን አሰልጣኝ ቤር ብራያንትን ውሰዱ። በ1969 አላባማ ስድስት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ፤ በ1970ም ያው፣ አንድ አቻ ተጨምሮበት። ሽማግሌው አበቃለት ተባለ። እሱ ግን ከቴክሳሱ አሰልጣኝ ከዳረል ሮያል ዊሽቦን የሚባለውን ኦፌንስ ቁጭ ብሎ ተማረ። የሌላ ሰው ተማሪ ሆነ፣ ያውም በ57 ዓመቱ! በ1971 መክፈቻ፣ ባለፈው ዓመት 42 ለ 21 የቀጣውን ዩኤስሲን ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ 17 ለ 10 አሸነፈ። ከዚያ እስከ 1979 ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ስምንት ጊዜ የኤስኢሲ (አላባማ የሚጫወትበት የደቡቡ ሊግ) ሻምፒዮን ሆነ። ነገ ልባረር ነው ብሎ የሚያድር ሰው ቤቱን አፍርሶ አይሠራም። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ይለጥፋል።

«ብራያንት እኮ ቀድሞ ሦስት ዋንጫ ነበረው» ትሉኛላችሁ። ዋንጫ ካዳነማ ኤድ ኦርጀሮን የት ሄደ? በ2019 ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴትን) ይዞ 15 ተጫውቶ 15 አሸንፎ ዋንጫ ያስነሳ አሰልጣኝ በ2021 ተሰናበተ።

ገንዘብ ነው የምትሉ ደግሞ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን ጠይቁ። በ2022 የአገሪቱን አንደኛ ምልምሎች ሰብስበው አምስት አሸንፈው ሰባት ተሸነፉ። በዓመቱ አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ለማባረር ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገቡ። ሌላ የምለው የለኝም።

ነብራስካ ግን ሁሌም ያሳዝነኛል። ቶም ኦዝቦርን 25 ዓመት ሲያሰለጥን በአንዱም ዓመት ከዘጠኝ በታች አሸንፎ አያውቅም። የመጀመሪያ ዋንጫውን ያገኘው በ22ኛው ዓመቱ ነው። እሱን ጨምሮ በአራት ዓመት ሦስት ዋንጫ። እሱን የተካውን ፍራንክ ሶሊችን በ2003፣ ዘጠኝ ባሸነፈበት ዓመት፣ ለመካከለኛነት እጅ አንሰጥም ብለው አባረሩት። ከዚያ ወዲህ አንድ የኮንፈረንስ (የሊጋቸው) ዋንጫ የላቸውም። መካከለኛነቱ ራሱ ናፈቃቸው።

አዎ፣ ጊዜ ተሰጥቶትም የወደቀ አለ፤ ስኮት ፍሮስት እዚያው ነብራስካ 16 አሸንፎ 31 ተሸንፏል። ረጅም ዘመን ጥፋት እንደሚሸፍንም፣ የረዳት አሰልጣኙ የጄሪ ሳንደስኪ የሕፃናት ጥቃት ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረበት ፔን ስቴት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ይህን አልክድም።

ያው ፔን ስቴት ግን በ2025 ኦክቶበር ምን አደረገ? በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰውን፣ 104 ጨዋታ ያሸነፈውን አሰልጣኝ ጄምስ ፍራንክሊንን በሦስት ተከታታይ ሽንፈት አሰናበተ። ከዚያ ሲዞር ሲዞር ከርሞ ማት ካምቤልን ከአዮዋ ስቴት አመጣ። ካምቤል አዮዋ ስቴት ላይ በመጀመሪያ ዓመቱ ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ የተሸነፈ ሰው ነው። አላባረሩትም፤ አሥር ዓመት ያዙት። ፔን ስቴት የራሱን ትዕግሥት ጨርሶ የጎረቤትን ትዕግሥት በውድ ገዛ ማለት ነው።

በዚያው ኦክቶበር ኤልኤስዩ አሰልጣኙን ብራያን ኬሊን ሲያባርር የሉዊዚያናው ገዢ ጄፍ ላንድሪ ብቅ አሉ። ቀጣዩን አሰልጣኝ የስፖርት ኃላፊው ከሚመርጥ ዶናልድ ትራምፕ ቢመርጡ ይሻላል አሉ። ኃላፊው በቀናት ውስጥ ለቀቀ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ክቡር ገዢው የአንድ ሳምንት ልምምድ መርተው ቢያዩት ደስ ባለኝ።

ፍራንክሊንን ማን እንደወሰደው ሰምታችኋል፤ እኛው ነን፣ ቨርጂኒያ ቴክ። የእህቴ ልጅ በደስታ ሰክሯል። «በሁለት ዓመት ኢንዲያናን እንሆናለን» ይለኛል። ለመጪው ሴፕቴምበር ቲኬት እየፈለገልኝ ነው። የመክፈቻው ተወዶብናል፣ አራተኛው ጨዋታ ይሻለናል አለኝ። እኔ ሦስተኛው ሳያልፍ እንሂድ አልኩት። ሰውየውን እዚያው እያለ ልየው።