የስምንት ደቂቃው ሊቅ

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ድሮ ይገሠጽ ነበር። ዘንድሮ ማይክራፎን ተደቅኖለት፣ ከጀርባው ሐምራዊ መብራት በርቶለት «የፖለቲካና የመዝናኛ ተንታኝ» ይባላል። ሲያንሳቸው ነው! ጠዋት የምርጫ ውጤት፣ ከሰዓት የተዋንያን ፍቺ፣ ማታ ደግሞ ፍቺውን ከምርጫው ጋር ያገናኘውን ስውር እጅ፣ ከአንድ ወንበር ሳይነሱ መተንተን የተራ ሰው አቅም አይደለም። ተራ ሰው መጀመሪያ ያነባል፤ ሲያነብ ይመሽበታል።

ተንታኛችን አያነቡም ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። ርዕስ ያነባሉ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ከሆነም የትርጉም ማሽን አለላቸው። ከሥራ የተባረረ ዳይሬክተር በማሽኑ በኩል ሲያልፍ፣ በእንግሊዝኛ «ፋየር» ማባረርም መተኮስም ነውና፣ «ስቱዲዮው ተኮሰበት» ሆኖ ይወጣል፤ ያ ቀን ወርቅ ነው። በፓርላማ የፓርቲውን አባላት ድምፅ የሚያስተባብረው ሹም፣ በእንግሊዝኛ «ዊፕ» የሚባለው፣ «የፓርቲው ጅራፍ» ተብሎ ከመጣላቸው ደግሞ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚለውን ተረት ጨምረው ግማሽ ፕሮግራም ይሸፍኑበታል። ማን ነው እንዲህ ከአንድ ስሕተት ይህን ያህል ጨርቅ የሚያወጣ?

ትልቁ ችሎታቸው ቅደም ተከተሉን መገልበጣቸው ነው። እኛ ወሬው ከመጣ በኋላ ሐሳብ እንፈልጋለን። እሳቸው ሐሳቡን አዘጋጅተው ወሬውን ይጠብቃሉ። «እኔ ቀድሜ ብያችሁ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነገሩ ከመሆኑ በፊት ተሰናድቶ ያድራል፤ የጎደለው ስም ብቻ ነው። የሚኒስትር ስምም ይሁን የዘፋኝ ስም ክፍተቱ ውስጥ ልክ ይገባል።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ፤ ሙያ ነውና። ዩቲዩብ በቪዲዮ መሐል ማስታወቂያ እንዲገባ የሚፈቅደው ርዝመቱ 8 ደቂቃ ሲሞላ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 10 ደቂቃ ነበር። ዜናው ግን ሦስት አንቀጽ ነው። ረጋ ተብሎ ቢነበብ አንድ ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ቀሪውን ስድስት ደቂቃ ተኩል ከምንም መፍጠር፣ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ሰላምታና ምስጋና አርባ ሴኮንድ ይበላል። «ወደ ዜናው ከመግባቴ በፊት» ብሎ ወደ ዜናው አለመግባት አንድ ደቂቃ። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ማንም የሚያውቀውን ታሪክ፣ እንደ አዲስ መተረክ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ፦ «ለምን አሁን? ለምን እሱ? ከጀርባው ማን አለ?» መልስ አይሰጥባቸውም፤ በጥያቄና በጥያቄ መካከል ግን ዝም ይባላል። ዝምታም ሰዓት ይሞላል። ዜናው ራሱ አምስተኛው ደቂቃ ገደማ ብቅ ይላል።

ይህን ስግብግብነት የሚሉ አሉ። ሒሳቡን ስላልሠሩት ነው። አንድ ቻናል ከረዥም ቪዲዮዎቹ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የታየ ሰዓት ያስፈልገዋል። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ተመልካቹ ፍሬ ነገሩን በአንድ ደቂቃ አግኝቶ ከሄደ ቪዲዮዎቹ 240,000 ጊዜ መከፈት አለባቸው። አምስት ደቂቃ ካንጠለጠሉት 48,000 ይበቃል። እንግዲህ አጥብቆ አሳጥሮ የሚናገር ሰው አምስት እጥፍ ይቀጣል ማለት ነው፤ ተንታኛችን ቅጣት አይወዱም።

ለሽፋን ሥዕሉ፣ ለተምኔሉ ማለቴ ነው፣ የተለየ አድናቆት አለኝ። የተለመደው ልኩ 1280 በ720 ፒክሰል ነው። በዚያች ስፋት ውስጥ በሕይወታቸው ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ አፉን ከፍቷል፤ ቀይ ቀስት ምንም ወደሌለበት ቦታ ያመለክታል፤ ምንም የሌለበት ቦታ ደግሞ በቀይ ክብ ተከቧል። ጽሑፉ «ጉዱ ወጣ» ይላል፤ የማን ጉድ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው እኮ የሚከፈተው። ጀማሪ ተንታኝ እዚህ ጋ የሚሳሳተው ጽሑፉን ከታች በስተቀኝ ጥግ በማስቀመጡ ነው፤ ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት የሚለጥፍባት ጥቁር ሣጥን እዚያ ላይ ትወድቅና ፊደሉን ትሸፍናለች። የበሰለው ተንታኝ ጥጓን አውቆ ይጠቀምባታል። «ታሰረች» ብሎ በትልቁ ይጽፍና የጥያቄ ምልክቱን እዚያች ጥግ ይሸጉጣል። ሲከሰስ ጠይቋል፤ ሲታይ ተናግሯል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ከጠበቃ እንኳ አታገኙም።

ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ተንታኛችን ይባስ ያምራሉ። 1,000 ሰው ተጠይቆ አንዱ ዕጩ 48፣ ሌላው 46 በመቶ ቢያገኝ «ሕዝቡ ፈርዷል!» ይላሉ። እንዲህ ባለ ናሙና የእያንዳንዱ ቁጥር ስሕተት ወደላይም ወደታችም 3 ነጥብ ገደማ እንደሆነ፣ የሁለቱ ልዩነት ስሕተት ደግሞ ወደ 6 እንደሚጠጋ የሚያወሩት ደረቆች ናቸው፤ ሁለት ነጥብ መሪነት እዚያ ውስጥ ሰጥሞ እንደሚቀር ማን ይሰማቸዋል?

ፊልም ላይም እንዲሁ። 200 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በሲኒማ 400 ሚሊዮን ካስገባ፣ ተዋናዩ የሚወዱት ሰው ከሆነ «እጥፍ አተረፈ» ይላሉ። ከትኬቱ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቶቹ እንደሚቀር፣ ከቻይና ገበያ ለውጭ ስቱዲዮ የሚደርሰው ሩብ ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ በ200 ሚሊዮኑ ውስጥ የማስታወቂያው ወጪ እንዳልተቆጠረ አይነሣም። ተዋናዩ የሚጠሉት ሰው ከሆነ ግን በዚያው ቁጥር «ከሰረ!» ይላሉ። ያን ቀን በስሕተት እውነት ይናገራሉ።

ሙሉ ብቃታቸው የሚታየው ግን ፖለቲካና መዝናኛ በአንድ በር ሲገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የሆነውን እንውሰድ። በወሩ መጀመሪያ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የሲቢኤስ ባለቤት የሆነው ፓራማውንት ዶናልድ ትራምፕ በአንድ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ አርትዖት ምክንያት የመሠረቱትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ዘጋ። የሲቢኤስ የሌሊት የቀልድ ፕሮግራም አቅራቢ ስቲቨን ኮልቤር ስምምነቱን በገዛ ጣቢያው ጉቦ ብሎ ተሳለቀበት። ጁላይ 17 ፕሮግራሙ በሜይ 2026 እንደሚያበቃ ተነገረ። ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 24፣ ፓራማውንት ከፊልም ኩባንያው ስካይዳንስ ጋር የሚያደርገውን ውሕደት የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አጸደቀ። ሲቢኤስ ውሳኔው የገንዘብ ብቻ ነው አለ፤ ፕሮግራሙ በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከስራል የሚል ቁጥርም ስማቸው ካልተገለጸ ሰዎች ተሰማ።

ለተራ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው። ቀኖቹ ሲደረደሩ ያስጠረጥራሉ፤ መደርደራቸው ግን ማስረጃ አይደለም። የሌሊት ፕሮግራሞች የማስታወቂያ ገቢ ለዓመታት ሲያሽቆለቁል መቆየቱም እውነት ነው፤ ያ እውነት ደግሞ «ለምን በዚያ ሳምንት?» የሚለውን አይመልስም። ሁለቱን በአንድ ጭንቅላት ይዞ መቆየት ያደክማል። ተንታኛችን አልደከሙም። ከሁለቱ አንዱን ከነሙሉ ልብሱ አንስተው ሌላውን ጣሉት። የትኛውን? አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከነበረው ሐሳብ ጋር የሚስማማውን። እነዚያን አራት ቀኖች በተርታ ጽፎ ማሳየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ እሱን ነው የዘለሉት። «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብለው ግን አልረሱም።

ምንጭ ስትጠይቋቸው «የውስጥ ሰዎች» ይሏችኋል። የማን ውስጥ እንደሆነ አይገለጽም። እ.ኤ.አ. በ2017ቱ የኦስካር ምሽት የምርጥ ፊልም ሽልማት ለተሳሳተው ፊልም ሲነበብ የውስጥ ሰዎቹ ስንት ሴራ አወጡ! ነገሩ ለካ የፖስታ ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ዘርፍ ሁለት ፖስታ ተዘጋጅቶ በመድረኩ ግራና ቀኝ በቆሙ የሒሳብ ባለሙያዎች ይያዛል፤ ቀድሞ የተሸለመችው ተዋናይት ዘርፍ ትርፍ ፖስታ በአንዱ ወገን ቀርቶ ነበርና የሒሳብ ባለሙያው እሱኑ ለአቅራቢዎቹ አቀበለ። እንዲህ ያለ ምክንያት ለተንታኝ ስድብ ነው። በሃያ ሴኮንድ ያልቃል።

ሳይንስም ከእሳቸው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በትዊተር ከ2006 እስከ 2017 የተሠራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሮ፣ ሐሰተኛው በድጋሚ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። የወሬ ዋጋ በሚሄድበት ፍጥነት ከተለካ እውነት ቆሞ የቀረ መኪና ነው።

ወሬው ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ምን ይደረጋል? ቪዲዮውን ማጥፋትማ ነውር ነው፤ ተመልካቹ አብሮ ይጠፋል። ዩቲዩብ ርዕስንና ሽፋንን ከተጫነ በኋላ መቀየር ይፈቅዳል፤ የተቆጠረው ተመልካች ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ «ሞተ» የነበረው «ሞተ ወይ?» ይሆናል። ሁለት ፊደልና ምልክት ብቻ! «ምነው እንዲህ ትቸኩላላችሁ?» የሚል ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ በኦክቶበር 2017 ሙዚቀኛው ቶም ፔቲ ነፍሱ ሳይወጣ ሲቢኤስ ኒውስን የሚያህል ተቋም ሞቱን አውጆ አልነበር? ተቋሙ ከፖሊስ ያገኘው ማረጋገጫ ስሕተት መሆኑ ሲታወቅ ዜናውን ማረሙን አይጨምሩም፤ ሰውየው በዚያው ምሽት ማረፉን ግን ይጨምራሉ። «ትንሽ ነው የቀደሙት» ለማለት።

ከዚያ በኋላ ማረሚያው ይመጣል፤ ከአስተያየቶቹ አናት ላይ ተሰክቶ፣ «ተጨማሪ አንብብ» ከሚለው ሥር ገባ ብሎ፦ «ውድ ቤተሰቦቻችን፣ በቪዲዮው የተጠቀሰው አርቲስት በሕይወት አለ። ደስ ብሎናል። ለምን ሞተ እንደተባለ ከጀርባ ያለውን ምስጢር ዛሬ ማታ በቀጥታ ስርጭት ይዘን እንቀርባለን፤ ደወሏን መጫን አትርሱ።»