ያለ ጉዳይ መሄድ

በሐዋሳ ከተማ ያለ ጉዳይ በእግር መሄድን የሚከለክል ደንብ አላየሁም። ደንቡ ያልወጣው ስለማያስፈልግ ይመስለኛል፤ የቁጥጥሩን ሥራ ጎረቤት፣ የባጃጅ ሹፌርና ሱቅ ደጃፍ ላይ ዱካ አውጥቶ የሚቀመጥ ሁሉ ያለ ደመወዝ ይወጡታልና። አንድ ጤነኛ ሰው በዕረፍት ቀኑ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቦርሳም ሆነ ፌስታል ሳይዝ፣ ግራ ቀኙን እያየ ቀስ ብሎ ሲሄድ ከታየ «ወዴት ነው?» መባሉ አይቀርም። «የትም» ብሎ መመለስ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጠያቂው ሰውየው ገንዘብ ሊበደር እንደወጣ ወይም ከቤቱ እንደተጣላ በልቡ ወስኖ፣ ለማንኛውም ብሎ «ሁሉ ሰላም ነው?» በማለት ይሸኘዋል።

የሚያሳዝነው፣ ከተማዋ ለመንሸራሸር የተመቸች መሆኗ ነው። ታቦርንና አላሙራን ወደ ጎን ከተውናቸው ዳገት የሚባል ነገር ብዙም አታውቅም፤ መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ይህን የሚጠቀምበት ግን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው እንግዳ ነው። እንግዳው ኮፍያ ስለደፋ በፈለገበት ይቆማል፣ ዛፍ አንጋጦ ያያል፣ ዝንጀሮ መሰለችኝ ካላት ጦጣ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ማንም ምን ሆነ አይለውም። ነዋሪው ሐይቁን ለማየት ሰርግ መጠበቅ አለበት። ሙሽሮቹ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ፎቶ ሲነሡ እሱም ከሚዜዎቹ ኋላ ሆኖ ውሃውን አሻግሮ ያያል፤ ሰርግ ከሌለ ዘመድ እስኪመጣለት ይታገሣል። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል በፍቼ ጨምበላላ ጊዜ ብቻ፣ ሕዝቡ ጉዱማሌ ላይ ሲሰበሰብ፣ ሁሉም ያለ ከልካይ ይዘዋወራል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. ሲመዘግብ ይህን ጥቅሙን ከግምት ያስገባ አይመስለኝም።

ያም ሆኖ ባለፈው እሑድ «ዝም ብዬ ከተማውን ዞር ዞር ልበልበት» ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ግንባሬን በእጇ ነካች። ትኩሳት እንደሌለኝ ካረጋገጠች በኋላ ፊቷ ፈካ፤ «እንግዲያው እግረ መንገድህን» ብላ ጀመረች። እግረ መንገዴን የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት እንድገዛ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ የተቀመጠውን ቀሚስ እንድጠይቅ፣ ወልዳ የተኛችውን የአጎቷን ልጅ እንኳን ማርያም ማረችሽ እንድል ታዘዝኩ። ንግግራችንን በአጥር በኩል የሰሙት ጎረቤታችን እትዬም የእድር መዋጯቸውን በእጄ አስጨበጡኝ። ከግቢ ስወጣ የሥራ ቀን ናፈቀኝ።

ዋናውን መንገድ ይዤ ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት ባዶ ባጃጅ በእግሬ ልክ እየተንፏቀቀች ተከተለችኝ።

«ጋሼ፣ ይግቡ።»

«በእግሬ ነው የምሄደው፤ አመሰግናለሁ።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ልጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግድ የለም ይግቡ፤ ሂሳቡን ሌላ ቀን ይሰጡኛል» አለኝ። እንዲህ ያለውን ደግነት አልቀበልም ማለት ነውር ስለሆነ ገባሁ። የሚወስደኝ ቦታ ስላልነበረው ቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ላይ አወረደኝ። እዚያም ከቅዳሴ የሚመለስ የሥራ ባልደረባዬ አግኝቶኝ፣ ብቻዬን በመሆኔ ክፉኛ ደንግጦ ቡና ካልጋበዝኩህ ብሎ ያዘኝ። ቡናውን ከጠጣንበት ጊዜ ይልቅ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እየተባባልን ኪስ ለኪስ የተያያዝንበት ጊዜ ይረዝማል።

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስደርስ ረፍዶ ነበር። ጀልባዎቹ ተመልሰዋል፤ ልጆቹ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ይገፉታል። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዳቸው ላይ ይለጠፋል፤ ሥጋው ከግራና ከቀኝ በአንድ ስንዘራ ከአጥንቱ ሲላቀቅ፣ ራስና አንጀቱ ወደ ኋላ ይወረወራል። ከኋላ አባ ኮዳ ቆሟል። ራሱ የተመለጠ፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ የልጅ ቁመት ያለው ይህ አሞራ ክንፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጡረታውን ሊቀበል እንደተሰለፈ ሹም ረጋ ብሎ ይጠብቃል። አጠገቡ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ አንድም ሰው ወዴት ነህ አላለውም። ሐይቁም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲገባበት ይኖራል እንጂ ከእሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም፤ ይኸው የትም ሳይሄድ ተከብሮ ይኖራል። እኔን ግን ጀልባ ቀዛፊው «ጉማሬ ላሳይዎት»፣ ፎቶ አንሺው «አንድ ለማስታወሻ»፣ ሾርባ ሻጯ «ምነው ብቻህን?» እያሉ ፋታ ነሱኝ። ሾርባውን ጠጣሁ፤ ጥሩ ነበር፤ ሚጥሚጣው ብቻዬን ያለቀስኩ አስመስሎኛል።

ለካስ አስመስሎኝ ብቻ አልቀረም። ቤት ስመለስ ሳሎኑ በሰፈር ሽማግሌዎች ተሞልቷል። ሐይቅ ዳር ብቻውን ቆሞ እንባውን ሲጠርግ ታየ የሚል ስልክ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«ልጄ፣ ትዳር ግጭት አያጣውም» ብለው ጀመሩ ታላቅየው።

«ኧረ እኛ አልተጣላንም፣ አባባ» አለች ባለቤቴ።

«የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው፤ ገመናዋን ትሸፍናለች» አሉና ሌሎቹን አዩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠብ እንደሌለ በማስረዳት ብዙ ደከምን፤ በማስረዳታችን መጠን የጠቡ ክብደት እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ ራት ሰዓት ሲደርስ ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሷም ይቅር አለችኝ፤ ተመረቅን። ዳግመኛ ብቻዬን እንዳልወጣ ቃል አስገቡኝ።

ሽማግሌዎቹን በር ድረስ ስሸኝ ታላቅየው ወደ ኋላ ቀረት ብለው ክንዴን ያዙኝ፤ ሌሎቹ መራቃቸውንም አዩ።

«በል እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሐይቁ ዳር ያየኸው መሬት ካሬው ስንት ተባለ?»