የክረምት መሐንዲሶቻችን

የሰሞኑ የማታ ዝናብ ገና አስፋልቱን በቅጡ ሳያርስ ሽታው ቀድሞ ሰፈሩን እንዳዳረሰ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። መስኮት ዘግቶ መራገም ግን ውለታ ቢስነት ነው። ከተማችን ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጨረታ፣ በሌሊት የሚሠሩ መሐንዲሶች አሏት፤ ዝናብ ጠብቀው የሽንት ቤት ጉድጓዳቸውን ወደ ጎርፍ ቦይ የሚለቁ የተከበሩ ባለ ግቢዎች። እስካሁን አንድም የምስጋና ወረቀት አልተሰጣቸውም።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ባለ ጂ ፕላስ 3 ጋሼን እንውሰድ። እኒህ ሰው ገና መሠረት ሲወጣ ከሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም ከሽንት ቤት ጉድጓዱ፣ ሁለተኛ ክፍል 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ በአጥር ሥር አሾልከው ከመንገድ ዳሩ ቦይ ጋር አገናኝተዋል። ፕላኑ ላይ የለም፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በወረቀት አይሰፍርም። የቧንቧው አፍ በጆንያ ተወትፎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ከፊቱ ጽጌረዳ ተተክሏል። ከሰኔ ጀምሮ ጋሼ ሰማይ ያነባሉ። በእንጦጦ በኩል ደመናው ከጠቆረ እራት ቶሎ ይቀርባል። ካፊያ ከሆነ አይነኩትም፤ ካፊያ ገመና አይሸፍንም። በረዶ የቀላቀለ እንደሆነ ግን ቦቲያቸውን ያጠልቃሉ። ክዳኑ ይነሣል፤ የባሕር ዛፍ አጣና ይገባና ይማሰላል፤ እንዲቀጥን ሁለት በርሜል ውኃ ይደፋበታል፤ ከዚያ ጆንያው ይነቀላል። የዘበኛው ድርሻ ባትሪ መያዝና የጎረቤት መስኮት መጠበቅ ነው። ነጎድጓዱ ድምፁን ይውጥላቸዋል። በማግስቱ ደጃፉ በኦሞ ይታጠባል፤ እሑድ ደግሞ በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ሰፈሩ ጽዳት ሰፋ ያለ ንግግር ያደርጋሉ። ሲጨበጨብላቸው አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ፤ ትሑት ናቸው።

ችግሩ ዝቃጩ ይህን ሁሉ ጥበብ አለማክበሩ ነው። አጣናው ቢማስለውም የሚወጣው ላይ ላዩ ነው፤ የታችኛው ተጋግሮ ይቀራል። ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ከመሙላቱ በፊት መኪና ጠርቶ ማስመጠጥ ነበር ወጉ። ሲቆይ ይጠጥርና የመኪናው መምጠጫ ጎማ አልስብ ይላል፤ ከዚያ በአካፋ ነው። ቦይ የገባውም ሁሉ ወንዝ አይደርስም። ከፌስታል ጋር ተጠላልፎ ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፈውን ካልቨርት ይደፍንና ጎርፉን አስፋልት ላይ ያወጣዋል። «ቦይ የሚጠርግ ጠፋ!» ብሎ መጀመሪያ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ዝናቡ ያቀጥነዋል» የሚለው ሳይንሳቸውም ያስደንቃል። እስቲ እናስላው። የጉድጓድ ፍሳሽ አንድ ሊትሩ እስኪብላላ 5 ግራም ኦክስጅን ይፈጃል እንበል፤ የሚብስም አለ። 10 ሜትር ኪዩብ ሲለቀቅ 50 ኪሎ ኦክስጅን ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ንጹሕ ወንዝ በሊትር ቢይዝ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የአንድ ግቢ የአንድ ሌሊት ሥራ ከ7,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ የያዘውን ኦክስጅን ሙልጭ አድርጎ ለመጨረስ ይበቃል። ጎርፉ ባለበት ሰዓት ወንዙ ይሸከመው ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ውኃው ይጎድላል፤ የወንዙ ወለል ላይ የተኛው ዝቃጭ ኦክስጅን መብላቱን አያቆምም። ንጹሕ ውኃ የሚወዱት ነፍሳት እጮች ከጠፉ ቆይተዋል፤ ትንሽ ኦክስጅን የሚበቃው ቀይ ትል ይርመሰመሳል። አንድ ፍጡር እንኳ ተጠቅሟል፣ ምን ይባላል?

ወንዝ የገባው ፍሳሽም ይጓዛል፤ የግንፍሌው ወደ ቀበና፣ የቀበናውና የባንትይቀጡው ወደ ቡልቡላ፣ ከዚያ ወደ ትልቋ አቃቂ፣ መጨረሻው የአባ ሳሙኤል ግድብ። እዚያ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ እንቦጭ ይቀልባል፤ ግድቡ ከሩቅ ሲያዩት የግጦሽ መስክ ይመስላል። የተረፈው ለአዋሽ ነው።

በመንገዱ ላይ ሰው አለ። በአቃቂ ዳርቻ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው የሚጠጣው ይህንኑ ነው። ገበሬው ሌላ ውኃ የለውም። ባዶ እግሩን ቦይ ውስጥ ቆሞ ውኃ የሚመራው ልጅም ሌላ እግር የለውም። የመኪና ክፍያ ላለመክፈል በሰው ልጅ ሆድ ውስጥ ዓይነ ምድር መድፋት ብልጠት አይደለም፣ ወንጀል ነው! ሌሊት የሚሠራውም ሠሪው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፉ ጋራዦችና ወንዝ ዳር ሽንት ቤት ሠርተው ጉድጓድ መቆፈር የረሱ ሆቴሎችም ተራቸው ይደርሳል፤ ዛሬ ቦታ አይበቃም። ጋሼ ግን ዋጋቸውን አያጡም። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፋቸው ድረስ የሚመጣው ሰላጣ ለምለም ነው። «ይኼ የፋብሪካ ማዳበሪያ ያልነካው ነው» እያሉ ራሳቸው ይመርጡታል፤ በውኃ ለቅለቅ ተደርጎ፣ በቃሪያና በሎሚ ጥሬውን ይቀርባል። የወስፋት እንቁላል በሎሚ አይሞትም።