«ያቀረቡልኝ ያን ያህል ነው»

ፌብሩዋሪ 2016 ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሂላሪ ክሊንተን የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ለመሆን እየተወዳደሩ ሲኤንኤን ባዘጋጀው መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። ጋዜጠኛው አንደርሰን ኩፐር፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ከወረዱ በኋላ ጎልድማን ሳክስ ለተባለው ባንክ ስላደረጓቸው ሦስት ንግግሮች አነሣባቸው። የተከፈላቸው በድምሩ 675 ሺሕ ዶላር ነው። የግድ ይህን ያህል መቀበል ነበረብዎት ወይ ሲላቸው፣ «እንጃ፤ ያቀረቡልኝ ያን ያህል ነው» አሉ።

በዚያ የምርጫ ዘመን ከተነገረው ብዙ ነገር ውስጥ እንደዚህች አጭር መልስ ከአእምሮዬ ያልጠፋ የለም። ውሸት የለባትም። የደበቀችው ወንጀልም የለም፤ ከሥልጣን የወረደ ሰው ንግግር እያደረገ ገንዘብ ማግኘቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደም የተለመደም ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እንኳ ለእንዲህ ዓይነቱ ሹም አይሠራም፤ እሱ ከተሻረ በኋላም ይበላል፣ ተመልሶ እስኪሾም ድረስ። መራጩን ያስቀየመው ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ባንክ ለአንድ ንግግር 225 ሺሕ ዶላር የሚከፍለው ምን ፈልጎ ነው የሚለው ጥያቄ ሴትዮዋን አንድም ቀን አስጨንቋቸው የማያውቅ መምሰሉ ነው። ተቀናቃኛቸው በርኒ ሳንደርስ ያንን ክፍተት አልለቀቁትም፤ የንግግሮቹ ጽሑፍ ይውጣ እያሉ ወራት ሙሉ ወተወቱ። ክሊንተን አላወጡትም።

ነባር ፖለቲከኞች መራጩ ለምን እንደራቃቸው ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ሌባውን ነው። ከመካከላችን የሰረቀው ይያዝ፣ ይከሰስ፣ እምነቱም ይመለሳል ይላሉ። ነገር ግን መተማመንን የቦረቦረው ከሌብነት ይልቅ «ሕጉ ይፈቅዳል» የሚለው መልስ ነው። ሌባውማ ሲያዝ ያፍራል፤ ሕጉ የፈቀደለት ሰው ግን ማፈር ቀርቶ የጠየቀውን ሰው እንደ አላዋቂ ያየዋል።

ብሪታንያ በ2009 ያየችው ይህንኑ ነው። በሜይ ወር ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው ጋዜጣ የምክር ቤት አባላት ለፓርላማው የሒሳብ ክፍል ያቀረቡትን የወጪ ማካካሻ ጥያቄ በየቀኑ ያወጣ ጀመር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሰነድ ውስጥ የ88 ፔንስ የመታጠቢያ ገንዳ ውታፍ ተገኘ። ሌላው አባል፣ ሰር ፒተር ቪገርስ፣ ኩሬ ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቀው ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ይህንን አልከፈለም፤ ሰውየው ኋላ ሲጠየቁ ወጪውን ራሳቸው እንደ ሸፈኑትና ዳክዬዎቹም ቤቱን ፈጽሞ እንዳልወደዱት ተናገሩ። ከአንድ መንግሥት በጀት አንጻር 88 ፔንስ ምንም ማለት አይደለም። ሆኖም ሰው ሚሊዮንን በሐሳቡ አይዳስስም፤ ውታፍን ግን ይዞ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ከኪሱ ከፍሎታል። ሚኒስትር የመታጠቢያ ገንዳዋን ውታፍ በሕዝብ ሒሳብ ላይ ስታስመዘግብ ምን እንዳሰበች ለመገመት የፋይናንስ ዕውቀት አያስፈልግም።

ያን ሰሞን ከፓርላማው በተደጋጋሚ የተሰማው መልስ «ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው» የሚል ነበር። ደንቡን ያወጣው ማን ነው? ራሳቸው። አፈ ጉባኤው ማይክል ማርቲን ተገፍተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከ1695 ወዲህ እንዲህ የሆነ አፈ ጉባኤ አልነበረም። ወጪውን የሚቆጣጠር ነፃ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ወደ ወህኒ የወረዱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ነገር እንደተባለው በደንቡ መሠረት ነበር።

የፈረንሳዩ ፍራንሷ ፊዮን ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይመርራል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የቀኙን ክንፍ የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ያሸነፉት በጨዋነታቸው ነው። በኦገስት 2016፣ በፍርድ ቤት ምርመራ ላይ የነበሩትን ተቀናቃኛቸውን ኒኮላ ሳርኮዚን ለመንካት፣ የአገሪቱ ታላቅ መሪ የነበሩት ጄኔራል ደ ጎል ተከሰው ማን ሊያስብ ይችላል ብለው ነበር። በጃንዋሪ 2017 ለ ካናር አንሼኔ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ባለቤታቸው በምክር ቤት ረዳትነት ስም በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ዩሮ እንደ ተከፈላቸውና ሥራ ስለ መሥራታቸው ግን ምልክት እንደ ጠፋ ጻፈ። የቤተሰብ አባል መቅጠር በጊዜው ሕጋዊ ነበር። ፊዮን ክስ ከተመሠረተብኝ ከውድድሩ እወጣለሁ አሉ፤ በማርች ተመሠረተባቸው፤ አልወጡም። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ሆነው ቀሩ። አገሪቱን በየተራ ሲመሩ ከነበሩት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዳቸውም ሁለተኛው ዙር ሳይደርሱ ቀሩ። ቤተሰብ መቅጠርን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። ሰውየውንም ከሦስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉንም በገንዘብ ማሳበብ አይቻልም። በ1958 ከአሜሪካውያን 73 በመቶ ያህሉ የፌዴራሉ መንግሥት በአብዛኛው ትክክለኛውን ያደርጋል ብለው ያምኑ ነበር፤ በ2015 እንዲህ የሚሉት 19 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ቁልቁለቱን ያስጀመሩት የቬትናም ጦርነትና ፕሬዚዳንት ኒክሰንን የጣለው የዋተርጌት ቅሌት ናቸው፤ የወጣቶች ሕይወት የጠፋበት ውሸትና ፕሬዚዳንቱ የተደበቁበት ውሸት። ያ እምነት ያኔ ተሰነጠቀ፤ ውታፉና የንግግር ክፍያው የመጡት በተሰነጠቀው ላይ ነው። መራጩ ተታልሏል፣ አልገባውም፣ ስሜታዊ ሆኗል የሚሉ ተንታኞች ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚዘሉት አይገባኝም።

ከዚህ በኋላ ግን ከተቆጣው መራጭ ጋር እንለያያለን።

ኦገስት 2015 በሪፐብሊካኖች የመጀመሪያ ክርክር ላይ ዶናልድ ትራምፕ ለፖለቲከኞች ስለ ሰጡት ገንዘብ ተጠየቁ። አልካዱም። ለብዙዎች ሰጥቻለሁ፤ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ የምፈልገው ነገር ሲኖር እደውላለሁ፤ እነሱም ይገኙልኛል አሉ። ከሂላሪ ክሊንተን ምን አገኙ ሲባሉ፣ ሠርጌ ላይ ተገኚ አልኳት፣ መጣች ብለው አዳራሹን አሳቁ። ሥርዓቱ የተበላሸ ነው ሲሉም ጨመሩበት። ሰው ወደደላቸው፤ ቢያንስ እውነቱን ተናገረ ተባለ። የተናዘዘ ሁሉ ንስሐ የገባ መሰለው። በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2016 ክርክር፣ ክሊንተን ይህ ሰው የፌዴራል ግብር ሳይከፍል የኖረባቸው ዓመታት አሉ ሲሉ፣ ትራምፕ «ብልህ መሆኔን ነው የሚያሳየው» ብለው ጣልቃ ገቡ። ዕጩዎች ለአሥርታት ሲያደርጉት እንደ ኖሩት የግብር ሰነዳቸውን ይፋ እንዲያደርጉ ቢጠየቁም አላደረጉም።

እስቲ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «ያቀረቡልኝ ያን ያህል ነው» እና «ብልህ መሆኔን ነው የሚያሳየው»። ሁለቱም ያው «ሕጉ ይፈቅዳል» ናቸው። አንደኛዋ የተናጋሪዋን ስም አጠለሸች፤ ሁለተኛዋ ብዙም አልጎዳችም። (በጠቅላላ ድምፅ ክሊንተን ወደ ሦስት ሚሊዮን በሚጠጋ ብልጫ መርተው እንደ ነበር ልብ ይሏል፤ ስለዚህ «መራጩ» ስል ሁሉንም ማለቴ አይደለም።) ልዩነቱ የሕዝብ አገልጋይ ነኝ ብሎ የማለ ሰው ሲበላ ግብዝ መባሉ ነው፤ ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው ግን የማለው ነገር ስለሌለ የሚያፈርሰው መሐላ የለውም። ግብዝነት ሲያንገሸግሸን ዓይን አውጣነትን እንደ ቅንነት ቆጠርን።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» እንዲሉ፣ ከፖለቲካው ዓለም ውጭ የመጣ ዕጩ ትልቁ ሀብቱ አለመታወቁ ነው። እጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም ምንም አስጨብጦት ስለማያውቅም ሊሆን ይችላል። በ2015 የጓቲማላ ሕዝብ በየሳምንቱ አደባባይ እየወጣ በጉምሩክ ሙስና የተዘፈቀውን መንግሥት አንቀጠቀጠ፤ ፕሬዚዳንቱ ኦቶ ፔሬስ ሞሊና ለቅቀው ወደ እስር ቤት ሄዱ። በቀጣዩ ወር በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ ያሸነፉት የቴሌቪዥን ኮሜዲያን የነበሩት ጂሚ ሞራሌስ ናቸው። መፈክራቸው «ሙሰኛም አይደለሁ፣ ሌባም አይደለሁ» የሚል ነበር። የነባሮቹን ቡድን የሚያጋልጠው በተባበሩት መንግሥታት የሚደገፈው የፀረ ሙስና ኮሚሽን የእሳቸውንም የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ መመርመር ሲጀምር፣ ሞራሌስ የኮሚሽኑን ኃላፊ ከአገር ውጣ አሉት። ጥፋት የለብኝም ብለዋል፤ ምክር ቤቱም ያለመከሰስ መብታቸውን አላነሣም። ኮሚሽኑ በሴፕቴምበር 2019 ተዘጋ።

ከመዘጋቱ በፊት ግን፣ በ2018፣ ጥቂት የአገሪቱ ባለጸጎች በጋዜጠኞች ፊት ተሰልፈው ይቅርታ ጠይቀው ነበር። በዚያ የ2015 ምርጫ በየጣቢያው ተቀምጠው ድምፅ ሲቆጠር የተቆጣጠሩትን የሞራሌስን ፓርቲ ታዛቢዎች አበል፣ ሳያስመዘግቡ የከፈሉት እነሱ ነበሩ።