እግሬን ተዉት፣ ወለሉን እዩት

ዛሬ ይህን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከልጅነቴ ጀምሮ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን የአካል ጉዳት ላለብን ሠራተኞች የሥራ ቦታ አደጋ ግምገማ ይደረጋል ሲባል ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለሙያው መጣ። ከአለቃዬ ጋር በር ዘግተው ግማሽ ሰዓት አወሩና ሄደ። እኔ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቄ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ ደረሰኝ። «አደጋ» በሚለው ሳጥን ውስጥ «የእግር ጉዳት» ተብሎ ተሞልቷል። ኧረ በሕግ አምላክ! እግሬ እንዴት ነው አደጋ የሚሆነው? መፍትሔ የተባለው ደግሞ ከመስክ ሥራ እንድነሳ ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው እኮ!

አደጋውን እኔ ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ በሳሙና ይወለወላል። የክራንቹ ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ሲያዩዋት ትንሽ ናት፤ ክብደቴን የምትሸከመው ግን እሷ ናት። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ስታርፍ ትንሸራተታለች፤ አልቃ ከሆነማ አትጠይቁኝ። ሁለቱም እጄ ተይዟል፣ ስወድቅ የምደገፍበት የለኝም። ባለፈው ወር በትከሻዬ ነው ያረፍኩት። ሠራተኛ ሳይገባ ወልውሎ ማድረቅ ይህን ያህል ይከብዳል? ኮሪደሩን ያጣበቡትን ካርቶኖች ማንሳትስ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የእሳቱ ነገር ነው። እሳት ሲነሳ በሊፍት እንደማይወረድ ሁሉም ያውቃል። እኔ ያለሁት 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው የልምምድ ቀን ደወሉ ሲጮህ ሰው ሁሉ በደረጃው ጎረፈ። እኔን «አንቺ እዚሁ ቆዪ፣ ልምምድ እኮ ነው» አሉኝ። ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ የጫማቸው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ። የእውነት ቢሆንስ? ማን ነው የሚመጣልኝ? በምን ያወርደኛል? ሰውን በደረጃ ለማውረድ የተሠራ ወንበር አለ። ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የመውጫ ዕቅድ ይዘጋጃል፤ ማን እንደሚረዳው፣ ያ ሰው በሌለበት ቀን ማን እንደሚተካው ይጻፋል። ወረቀቴ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ቸርነት አይደለም የምጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 ላይ ስለ ሥራ ቦታ ደህንነትና ስለ ማመቻቸት፣ ማለትም ቦታውንና አሠራሩን ለአካል ጉዳተኛው እንዲስማማ አድርጎ ስለ ማስተካከል፣ በግልጽ አስፍሯል። አንቀጽ 2 ደግሞ ተገቢውን ማመቻቸት መከልከልን ከአድልዎ ይቆጥረዋል። ሥራዬን መንጠቅ ማመቻቸት ነው እንዴ?

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ባለሙያው ተመልሶ ይምጣ። ጠዋት፣ ወለሉ ሳይደርቅ፣ ከዋናው በር እስከ ጠረጴዛዬ አብሮኝ ይሂድ። ከዚያ ደረጃው ጋ እንቁምና እንዴት እንደምወርድ ያሳየኝ።